የበቅሎዋ ስም ወለላ ነበር

በእኛ አገር መርዶ የራሱ ደንብ አለው። መጀመሪያ ሰፈሩ ይሰማል። ቀጥሎ እድሩ ይሰማል። ከዚያ ለሩቅ ዘመድ ይደወላል። የድንኳኑ ቦታ ተመርጦ፣ ወንበሩ ተቆጥሮ፣ ሁሉም ነገር መልክ ከያዘ በኋላ በመጨረሻ ለሚስትየዋ ይነገራታል። ሚስት በባሏ ለቅሶ ላይ የመጨረሻዋ እንግዳ ናት። ነገሩ ክፋት የለበትም፤ እስኪነጋ ትረፍ፣ እህል ትቅመስ ተብሎ ነው። እኔም በሌሎች ሴቶች ላይ ስንት ጊዜ አብሬ እንዳሾከሾክሁ ለእናንተ ምን እደብቃለሁ። በሰው ሲሆን ደግነት ይመስላል።

የዚያን ቀን ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም የግቢዬን በር ስከፍት የእድራችንን ድንኳን የጫነ አይሱዙ መንገዱ ላይ ቆሟል፤ ብረቱ እየተራገፈ ነው። ያኔ ካዛንቺስ ነበርን፤ ሰፈራችን ገና አልፈረሰም። ከቤታችን ፊት ለፊት አልጋ ከያዙ የሰነበቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ምስኪን፣ ተገላገሉ» አልሁ በልቤ። ተመልሼ ገባሁ፣ ጥቁር ቀሚሴን ለበስሁ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለጎረቤቴ ላለቅስ ወጣሁ። መንገዱን ሳልሻገር እንባዬ መጣ። እኔ ለሰው ለቅሶ አልሰስትም።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን እንደደረቡ ወደ እኔ መጡና እጄን ያዙኝ።

«እህቴ፣ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፤ ድንኳኑን አይቼ ነው። መቼ አረፉ?»

«ከትናንት ወዲያ ሌሊቱን። አክስቱ ቤት እንደተኛ።»

የሽማግሌው ዕድሜ ወደ ዘጠና ነው፤ በምን አክስታቸው ይኖራሉ? ቀና ስል ሽማግሌው ራሳቸው መስኮታቸው ላይ ተደግፈው፣ እንባቸው እየወረደ ያዩኛል።

የባለቤቴን የታደሰን ሞት የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ለሌላ ሰው እያለቀስሁ። እንባው አልባከነም፣ አድራሻው ብቻ ተለወጠ። ታደሰ ይህን ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅና «አንቺ፣ ቀድመሽ ጀመርሽ እኮ» ይለኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት «አንቺ» ነው ያለኝ። እሱ ሲለው ከስም ይበልጥ ነበር።

ታደሰ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ሲወጣ አንዳንዱ ዳማ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ሚስቱን ወጥ ማውጣት ሊያስተምር ኩሽና ይገባል፤ የእኔው ልብ ወለድ ጻፈ። ስለ ባርነት። እዚሁ አገራችን፣ ያውም በአያቶቻችን ዘመን ስለነበረው፣ በየቤቱ ስለሚታወቀውና በየቤቱ ስለማይወራው ባርነት። ታምሩ የሚባል ልጅ ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ ይሸጣል፣ በአንድ ፊታውራሪ ቤት ያድጋል፣ በመጨረሻ አምልጦ ነፃ ይወጣል። አምስት ዓመት ጻፈው። እኔ ሦስት ጊዜ ተየብሁት።

መተየቤን እንጂ ማንበቤን አልነገርኋችሁም። ልዩነቱን ባልደረቦቼ ያውቁታል። ሃያ ስምንት ዓመት በመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ያን ጊዜ የእኛ ሥራ የሚሠራው በጣት እንጂ በራስ አልነበረም። የመጀመሪያው አለቃዬ ገና በገባሁ ሳምንት «የምሰጥሽ እንድትጽፊው ነው፣ እንድታውቂው አይደለም» አሉኝ፤ እኔም ቃላቸውን አከበርሁ። የራሴን የዝውውር ደብዳቤ ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ሲደርሰኝ «ደግሞ ይሄ ምንድነው?» ብዬ የደነገጥሁ ሴት ነኝ። የታደሰ ልብ ወለድም እንደዚያው በዓይኔ ገብቶ በጣቴ ወጣ። መሀል ላይ ያለችውን ጭንቅላቴን አልነካትም።

ለሙት ዓመቱ የመጽሐፍ ማኅበሩ ሰዎች መጽሐፉን ለማሳተም ተነሡ። ማኅበሩ ማለት ጋሽ መኮንንን ጨምሮ ስድስት ጡረተኞች ናቸው። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ አንዱ ጎተራ፣ አንዱ ቄራ ተበትነዋል፤ እኔም ቂርቆስ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ገብቻለሁ። እድሩና ማኅበሩ ግን ቤት ስላልነበራቸው አልፈረሱም። ለገሃር ካለ አንድ ማተሚያ ቤት ጋር ተነጋገሩ፤ ረቂቁን አባዝተው ተከፋፈሉ። ጋሽ መኮንን «ወጣትም ይናገር» ብለው ለሕሊና ዐሥር ደቂቃ ሰጧት። ሕሊና የቀድሞ ጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ክርስትና ስትነሣ ያቀፍኋት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የምታጠና።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷ ምቾት ሲነሣት ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው።

«እትዬ፣ ማለቴ… ከፕሮግራሙ በፊት አንቺ ብታይው ብዬ ነው። እንዳይከፋሽ።»

«ምን ጻፍሽና ይከፋኛል?»

«ሴቶቹን ነው ያየሁት። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሴት ስትገረፍ የሚያመው ወንዱን ነው። ትገረፋለች፣ ታምሩ ይናደዳል። ትሸጣለች፣ ታምሩ እንጉርጉሮ ያወጣል። ትሞታለች፣ ታምሩ ይጠነክራል። በቃ የሷ ስቃይ የሱ ቫይታሚን ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ፊታውራሪው ስም አለው፣ የአባት ስም አለው፣ የፈረስ ስም ሳይቀር አለው። ታምሩ ስም አለው። በቅሎዋ እንኳን ስም አላት እትዬ፤ ወለላ። ያቺ ለፊታውራሪው ልጅ የወለደችለት፣ እህሉን የምትፈጨው፣ ታምሩን ደብቃ ያስመለጠችው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ‹ሴትየዋ› ናት። ጋሼ በቅሎዋን የሴት ስም ሰጥቶ ሴቷን ረሳት።»

አሁን ከፋኝ። «ልጄ፣ ሰውየው እኮ ተነሥቶ መልስ ሊሰጥሽ አይችልም» አልኋት።

«እሷም አልቻለችም» አለች ቀስ ብላ።

ወረቀቷን ትታልኝ ሄደች። እኔም በሦስት ቀን ውስጥ የባሌን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብሁ። በራሴ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ሁለት ቦታ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ግን አንድ ጊዜ ሰው መነጽር ካስጠለቃችሁ በኋላ ማውለቅ ከባድ ነው። የሚገርፈው ፊታውራሪው ነው፤ የምትረገመው ሚስቱ ናት። እሱ «እጁ ቢከብድም ልቡ ደግ» ነው፣ እሷ ደግሞ «እባብ»። ፊታውራሪው የታደሰ ቅድመ አያት እንደሆኑ በቤት ውስጥ ይታወቃልና፣ የእኔ የታሪክ አስተማሪ እዚህ ጋ ለዘመድ አዳልቷል። ይሁን። ስለ ፊታውራሪው ጠመንጃ ሁለት ገጽ ሙሉ አለ፤ አፈሙዙ፣ ሰደፉ፣ ማን እንደሸለማቸው። ደግ። ከዚያ ታምሩ የሚያመልጥበት ምዕራፍ ደረስሁ። የአምስት ቀን መንገድ ነው የሚሄደው። እንዲህ ይላል፦ «ስንቁም ተሰናዳ።»

አለቀ። ስንቁ ተሰናዳ! ገብሱ ራሱን ቆላ፣ ወፍጮው ላይ ወጥቶ ራሱን ፈጨ፣ በሶ ሆነና አቁማዳ ውስጥ ዘሎ ገባ። አምስት ቀን የሚያስጉዝ በሶ በእጅ ወፍጮ የፈጨ ክንድ ምን እንደሚመስል ታደሰ አልጠየቀም። ይህችን መስመር ሲጽፍ ራሱ ምን እየበላ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፤ ምስር ወጥ ነበር፣ ሳህኑን ረቂቁ ላይ አስቀምጦ ዘይት አስነክቶብኛል። ያም ምስር ለእሱ «ተሰናድቶ» ነበር መሰለኝ።

እየተናደድሁም እየሳቅሁም ሳነብ «ሴትየዋ» የምትለዋ ቃል ደጋግማ መጣች። በአሥረኛው ይሁን በሃያኛው ላይ ጣቴ ቆመ። ከራሴ በፊት ጣቴ አስታወሰ።

ይህቺን ቃል ታደሰ አልጻፋትም። እኔ ነኝ የጻፍኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊ ስትሆኑ የጎደለ ነገር ካለ፣ ስም ወይም ቀን፣ ነጠብጣብ ትተዉለታላችሁ፤ ባለቤቱ በኋላ በብዕር ይሞላዋል። የታደሰ የእጅ ጽሑፍ ላይ በዚያች ሴት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ነበረ፤ እኔም እንዳየሁት ነጠብጣብ መታሁ። ወደ አክስቱ አገር፣ ከወሊሶ ወዲያ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሄደ ዕለት «አንዲት ቃል ቀርታኛለች፣ እሷን አምጥቼ እንጨርሳለን» አለኝ። እኔ ደግሞ ሲመለስ በንጹሕ ረቂቅ ላስደስተው አሰብሁ። መጽሐፉ በነጠብጣብ ተወርሮ ዝንብ ያረፈበት ይመስላል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ጥርት ያለ ገጽ ያስረከበች ሴት ይህን አትችልም። ኮምፒውተር ላይ አንዱን ቃል በሌላ ቃል በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የሚለውጥ ብልሃት አለ። ተጫንሁት። ነጠብጣቡ ሁሉ «ሴትየዋ» ሆነ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ድንኳኑ መጣ።

ስለዚህ ጉዳዩ እንዲህ ሆነብኝ። ዝም ካልሁ ሕሊና በሙት ዓመቱ፣ በሰው ፊት፣ ባሌን በእኔ ጥፋት ትወቅሰዋለች። ከተናገርሁም የሚሻል ነገር የለም፤ ለበቅሎዋ ስም ፈልጎ ያገኘ ሰው ለአያቱ እናት… ይቅርታ፣ ለልብ ወለዱ ሴት ቦታዋን ባዶ ትቶ «በኋላ ይሞላል» ብሏል ማለት ነው። ባዶው ከ«ሴትየዋ» በምን ይሻላል? መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። የሞተ ሰው ደግሞ ሁለተኛ እትም የለውም።

ዓርብ ጋሽ መኮንን መጡ። ስለ ወረቀቱ ሰምተዋል።

«እህቴ፣ ልጅቱ ትቅርብን። ታደሰ ስለ ነፃነት ነው የጻፈው። በሙት ዓመቱ ቀን ድንጋይ አይወረወርበትም።»

«ወረቀቱን አነበቡት እንዴ ጋሽ መኮንን?»

«ምን ያስነብበኛል፣ ሐሳቡን ሰማሁ።»

«መጽሐፉንስ?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እየሄድሁበት ነው። ጠመንጃው ጋ ደርሻለሁ። ግሩም ነው።» ሲወጡም በር ላይ ቆመው ጣታቸውን አነሡ፦ «አንድ ፊደል እንዳይነካ!»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ፕሮግራሙን ሊጨርሱ እኔ ቤት ተሰበሰቡ። ሻይና ዳቦ አቀረብሁ። የታደሰ አክስት፣ የአባቱ እህት እማማ ወርቄ፣ ለሙት ዓመቱ ከአገር ቤት መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ የተኙ ነው የሚመስሉት። ጋሽ መኮንን የተናጋሪዎችን ዝርዝር ሲያነቡ የሕሊናን ስም ዘለሉት።

«ሕሊናስ?» አልሁ።

«ተነጋግረን አልነበር?»

«እርስዎ ተነጋገሩ፣ እኔ ሰማሁ። ቤቱ የእኔ ነው፤ ልጅቷ ታንብብ።» ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ሕሊና ቆማ አነበበች። ቫይታሚኑ ጋ ስትደርስ የቄራው ማኅበርተኛ ሻዩ ትን አለው። ጋሽ መኮንን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። «በቅሎዋ እንኳን፣ ወለላ የሚል ስም ተሰጥቷት» ስትል እማማ ወርቄ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ወለላን ማን ነገራችሁ?»

«መጽሐፉ ውስጥ ናት እማማ» አለች ሕሊና።

«የአያቴ በቅሎ ናት እንጂ! ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሰው የማታስቀርብ። እሷን ለታደሰ የነገርሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ መጥቶ አስጨንቆኝ የለም እንዴ።»

«ስለ በቅሎ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«የምን በቅሎ! ስለ አባቴ እናት። ተገዝታ የመጣች ናት አሉ። የመጣችበትን ስም አያቴ ከለከሏት፣ ሌላ አወጡላት፤ ያንንም የያዘው ሰው የለም። አባቴ ‹እናቴ› ይላታል። የቀረው ቤተሰብ ‹አንቺ› ይላታል። ይኸው ነው። ታደሰ ‹አስታውሺ› ይለኛል፤ ከየት ላምጣ? የበቅሎዋን ስም ሁሉም ያነሣዋል፣ እሷን ማንም አያነሣም። ኋላ ቢጨንቀኝ ‹ልጄ፣ ዝም ብለህ አንዱን ስም ስጣት፣ ሞታለች፣ ማን ይጠይቅሃል› አልሁት። ተቆጣኝ! ‹አንዴ ስሟን ወስደን ሌላ ሰጥተናታል፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛ አልሰጣትም። ካላገኘሁት ክፍት ይቀመጥ› አለኝ። ‹እስኪ ዛሬ ስትተኚ አስቢበት፣ ጠዋት ትነግሪኛለሽ› ብሎኝ ተኛ።»

እማማ ወርቄ የነጠላቸውን ጥለት አሹት፣ አሹት።

«ጠዋት እኔ ተነሣሁ።»

እኔ ባሌን ሁለተኛ ያገኘሁት ያኔ ነው። አንዲት ቃል ቀርታኛለች ያለው ለካ ይህቺን ነው።

«‹ሴትየዋ› የምትለውን የጻፍኋት እኔ ነኝ» አልሁ። የነጠብጣቡን ነገር ሁሉ ዘረገፍሁት።

«ግን እትዬ፣ ያን ሁሉ ቦታ እንዴት ለወጥሽው?» አለች ሕሊና።

«በአንድ ጊዜ ነዋ። ያንን ብልሃት ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ!»

ሕሊና አፏን በወረቀቷ ከደነች። ጋሽ መኮንን ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ፊታቸው ፋሲካ ሆኗል። «አላልኳችሁም! ታደሰ ንጹሕ ነው!»

«ስንቁስ?» አልኋቸው።

«የምን ስንቅ?»

«ጠመንጃውን ሲያልፉ ያገኙታል።»

ማተሚያ ቤቱ ሦስት ቀን እንዲታገሰን ለመንነው። ማጥፋት በአንድ ጣት ነበር፣ መመለስ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ታደሰ ራሱ ለሌሎች ሴቶች የጻፋቸው «ሴትየዋ»ዎችም አሉ። ከሕሊና ጋር የታደሰን የእጅ ጽሑፍ ይዘን፣ ገጽ በገጽ እያስተያየን ነጠብጣቡን ወደየቦታው መለስነው። ጋሽ መኮንን አንድ ጊዜ ብቅ ብለው «እንዲህ ሲሆን መጽሐፉ ያላለቀ ይመስላል» አሉ። «አላለቀማ» አለቻቸው ሕሊና።

በሙት ዓመቱ ሕሊና አነበበች። የስሙን ክፍል እንደ አዲስ ጽፋው ነበር፤ ስለ ፊታውራሪው ሚስትና ስለ ስንቁ የጻፈችውን ግን አንዲት ቃል አልቀነሰችም፤ እኔም ቀንሺ አላልኋትም። ሰው ሳቀ፣ ጥቂት ሰው ተቆጣ፣ ንፍሮው አለቀ። ጋሽ መኮንን መጨረሻ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ስንቁ ጋ ደረስሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃውን አንሥተውብኝ አያውቁም። ስለ ስሟ ታደሰን ይቅር ብያለሁ፤ እንዲያውም ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ስለ ስንቁ ግን ስንገናኝ እንነጋገራለን።

በሳምንቱ የእድር ክፍያ ልከፍል ስሄድ ጋሽ መኮንን ትልቁን መዝገብ ገለጡ። ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ እድር ድንኳን ሥር ሽንኩርት ከትፌያለሁ። በታደሰ ስም ላይ መስመር ተሰምሮ ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የአቶ ታደሰ ባለቤት» ተብሎ ተጽፏል። መዝገቡን ወደ ራሴ አዞርሁት፤ እስክሪብቶአቸውን ተቀበልሁ።

እስካሁን ስሜን አልነገርኋችሁም፤ እናንተም አልጠየቃችሁኝም። አልፈርድባችሁም። አስካለ እባላለሁ። በራሴ እጅ ጻፍሁት፣ ጥርት ባለ ፊደል።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። በጸሎታቸው እንዲያስቧቸው ሁለት ነፍስ ይዤ ነው የመጣሁት አልኋቸው። የታደሰን የክርስትና ስም ጻፉ፤ ገብረ ማርያም። «ሁለተኛዋስ?»

«ስሟ አይታወቅም አባ። ክርስትና መነሣቷንም አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ብዬ ላስባት ልጄ?»

«ስም ከሌላት እግዚአብሔር አያውቃትም እንዴ?»

አባ እንደ መሳቅ አሉ። «እሱማ ያውቃታል። የማላውቃት እኔ ነኝ።» ጥቂት አሰቡና በትንሿ ደብተራቸው ላይ፣ ከገብረ ማርያም ቀጥሎ፣ በእርሳስ ነጠብጣብ አደረጉላት።

እስከዚህ ድረስ አብራችሁኝ የመጣችሁ እናንተም እንግዲህ አደራ። ዛሬ ለጸሎት ስትቆሙ፣ ወይም ታክሲ ስትጠብቁም ቢሆን፣ ስለ ገብረ ማርያም ነፍስ አንዲት «አቤቱ» በሉልኝ። ስለ ወለላ አትጨነቁ፤ የእሷ ስም ተጽፏል። ከገብረ ማርያም ቀጥላችሁ ግን ትንሽ ዝም በሉ። ያቺ ዝምታ የእሷ ናት።